ለዝቋላ መንገድ የሚሆን ሸራ

ካፊያው ሲጀምር፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሥር ካለው ሱቅ ሸራና የቢምቢ አጎበር ሊገዙ የመጡ አንድ ሽማግሌ ገና ያልከፈሉበትን ሸራ ይዘው ሮጡና ግቢው ውስጥ የተሰጣውን የማያውቁትን ሰው ድርቆሽ አለበሱት።

ባለሱቋ ነጅማ ሳቋ አመለጣት። "አባባ፣ ሸራ ሊገዙ ነው ወይስ ድርቆሽ ሊጠብቁ?"

"ሁለቱንም! ሳይፈተን ማን ይገዛል?"

አምፖል ሊገዛ የመጣው በሱፍቃድ ጉዳዩን ረስቶ ያያቸዋል። ሰውየው የሱሪያቸውን ጫፍ ካልሲያቸው ውስጥ ከተዋል። የመረጡትን ሁሉ ጀርባቸው ላይ በነጠላ ያስሩና እስከ አራተኛ ፎቅ ደረጃውን ወጥተው ይመለሳሉ። ስሱ ሸራ ሲዘረጉት ተተረተረ። ቀላሉ አጎበር ቀዳዳው ሰፊ ሆነ። ወፍራሙን ሸራና ደህናውን አጎበር አንድ ላይ ሲያዝሉ ደግሞ ጉልበታቸው ከሁለተኛ ፎቅ መለሳቸው።

"የዝቋላ አቦ ንግሥ አምስት ቀን ቀረው!" አሉ ተበሳጭተው። "ያለ ሸራ ዝናቡ፣ ያለ አጎበር ቢምቢው። በእግሬ ስሄድ ሜዳ ላይ በምን ልደር?"

"እስከ ዛሬስ እንዴት ይሄዱ ነበር?" አለች ነጅማ።

"ሸራውን እኔ፣ አጎበሩን ባለቤቴ ነበር የምንይዘው።"

ሽማግሌው ነጠላቸውን ፈቱ፣ አጥብቀው አሰሩ፣ መልሰው ፈቱ። ከዚያ ወደ በሱፍቃድ ዞሩ።

"ልጄ፣ ዝቋላ ወጥተህ ታውቃለህ?"

"ኧረ አላውቅም፣ አባቴ።"

"እንግዲያስ መንገዱን እኔ አሳይሃለሁ፤ አንተ አጎበሩን ብቻ ያዝልኝ።"