ኢብቲሃልና ሦስተኛው ዲስክ

ሞሱል ውስጥ የኢብቲሃል ስም ሲነሣ ሰው መጀመሪያ የሚያወራው ስለ ሙያዋ ሳይሆን ስለ ምላሷ ነው። ሙያዋም ቢሆን የዋዛ አይደለም። በማዕቀቡ ዘመን፣ ከውጭ ሽቦ እንኳ በማይገባበት ጊዜ፣ ከተቃጠለ ሬዲዮ ዕቃ እየነቀለች የሰፈሩን ቴሌቪዥን ስትጠግን ያደገች ናት። «ይኼ አልቆለታል፣ ጣይው» የሚላትን ሰው ደሟ ይጠላዋል።

አርባ ሰባት ዓመቷ ነው። የምትሠራው የአሮጌውን ከተማ የቤት ካርታዎች በምታስቀምጥ አንዲት ትንሽ ማኅበር ውስጥ ነበር። ወረቀቶቹ በጦርነቱ ተቃጥለዋል፤ የቀረው ቀደም ብሎ የተነሣው ምስላቸው ብቻ ነው። አሥራ አንድ ሺህ ካርታ በአንድ ሰርቨር፣ በስምንት ዲስክ ላይ ተበትኖ ተቀምጧል። አንዱ ዲስክ ቢሞት ሰባቱ ተረዳድተው የሱን ድርሻ ይሞላሉ። ሁለት ከጎደለ ግን ያለቀ የደቀቀ ነገር ነው። ስድስተኛው ከክረምት ጀምሮ ሞቷል። ይተካልኝ ብላ ሦስት ጊዜ ጻፈች፤ ሌላ ቦታ ቅጂ ይቀመጥ ብላም ለመነች። የማኅበሩ ኃላፊ ኡስታዝ ሙንዚር ግን «ሰባቱ መቼ አነሱሽ?» ብሎ ሣቀ። ይሣቅ እንግዲህ!

ሰኞ ቀን ከበረሃ የሚነሣው ቀይ አቧራ ከተማውን ሸፍኖት ዋለ። ማክሰኞ ጠዋት ሞሱል በሙሉ ባልዲና ጨርቅ ይዞ ወጣ። ኢብቲሃል ቢሮ ስትደርስ ሰርቨሩ ቀይ መብራት እያበራ ይጮኻል። ሦስተኛው ዲስክም የለም ይላል።

ሙንዚር ወዲያው መፍትሔ አገኘ። ሐሙስ እርዳታ ሰጪዎቹ ይመጣሉና ሁሉም ይደምሰስ፣ ማሽኑ ከአዲስ ይጀመር፣ መብራቱ አረንጓዴ ይሁን። ለሰዉስ? ጦርነቱ በላው እንላለና፣ አለ።

በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ሓጂ ዘኑን ካርታቸውን ሊያወጡ ከመጡ ባለጉዳዮች ጋር ተቀምጠው ይህን ሁሉ ይሰማሉ። ወንዙ ዳር የነበረው ቤታቸው ፈርሷል፤ ባዶው ቦታ ላይ አንድ ጉልበተኛ መሠረት ቆፍሯል። ዛሬ፣ ከቀትር በኋላ የሚሰገደው የአስር ሶላት እንዳበቃ፣ ኮንክሪት ይሞላበታል። ፖሊስ ደግሞ ካርታ ካላመጡ አላስቆምም ብሏቸዋል።

«ኡስታዝ፣ እኔ ቆሜ ይቺን ማሽን ማንም አይደመስሳትም» አለች ኢብቲሃል።

የሰርቨሩን ፊት ስትከፍት የሦስተኛው ቦታ ባዶ ነው። ዲስኩ አልተበላሸም፤ ጭራሹን በቦታው የለም። የቀሩት ሰባቱ ደግሞ ፊታቸው እንደ ሻይ ብርጭቆ ተወልውሏል። በዚያ ቢሮ ውስጥ እንዲህ የሚወለውል አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሻይ አፍዪው አቡ ጁምዓ። አቧራ በመጣ ቁጥር የማይፈታው ነገር የለም፤ አንዴ የቢሮውን ስልክ ሆዱን ከፍቶ አጥቦታል። ደግ ሰው ነው፣ ጥፋቱም ደግነቱ ነው።

ሙንዚር ግን ሌባ አለ ብሎ ሠራተኛውን ሁሉ አሰለፈ። ቁርዓን አስመጣና በየተራ እጃችሁን ጭናችሁ ማሉ አለ። ኢብቲሃል አገሯን ታውቃለች። አቡ ጁምዓ በሰው ፊት አፍሮ አንዴ «አልነካሁም» ብሎ ከማለ፣ ቃሉን ከሚያጥፍ ሞቱን ይመርጣል። ዲስኩ ማታውኑ ጤግሮስ ይገባል፣ አሥራ አንድ ሺሁም ካርታ አብሮት። ተራው ደርሶ አቡ ጁምዓ እጁን ዘረጋ።

«ተወው፣ አትማል። እኔ ነኝ ያወጣሁት» አለች።

ሙንዚር ደስታውን መደበቅ እንኳ አልቻለም። የስንብት ደብዳቤሽን አሁኑኑ አስጽፋለሁ፣ እስከ አስር ሶላት ድረስ ካልመለስሽው ደግሞ ማሽኑን ራሴ እደመስሰዋለሁ አላት።

ሻይ ክፍል ስትገባ አቡ ጁምዓ ምንም ሳትጠይቀው ከስኳር ቆርቆሮው ሥር በሻሽ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ሲወለውለው ከእጁ አምልጦ ንጣፉ ላይ ወድቆበታል። ደንግጦ ነው የደበቀው። ዕንባው እየወረደ ሄጄ ልንገረው አለ።

«አንተ ሰባት ልጅ አለህ፣ እኔ ምላስ አለኝ። ዝም ብለህ በሩን ጠብቅልኝ።»

የወደቀ ዲስክ የቀረችው አንዲት ትንፋሽ ልትሆን ትችላለች። ያቺን ትንፋሽ ማሽኑ ላይ ማባከን አልፈለገችም፣ ቅጂ ቀድሞ መነሣት አለበት። ለሐሙሱ እንግዶች ማሳያ የተገዛ አዲስ ዲስክ ሙንዚር ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ዓይኗን በጨው አጥባ አነሣችው። ሰርቨሩ ያለበትን ክፍል በር ዘግታ ወንበር አስደገፈችበት። ሙንዚር እየደበደበ ሲሳደብ አቡ ጁምዓ ከውጭ «ሻይ ላምጣ፣ ኡስታዝ?» እያለ ያደነዝዘዋል።

ዲስኩ እየተንገጫገጨ አራት ሰዓት ሙሉ ተቀዳ። እዚህም እዚያም የማይነበብ ቦታ ነበረው። በየቦታው ዲስኩን ትሰድበዋለች፣ ደግሞ ታባብለዋለች። ቅጂውን በሦስተኛው ቦታ ከተተችና ማሽኑ እንዲያነብ ብቻ፣ ምንም እንዳይጽፍ አዘዘችው። ሰባቱ ተያያዙ። ስሞቹ በማያው ላይ ወረዱ፣ ሰፈር በሰፈር። አለቀሰች፤ ማንም ስላላያት ደግሞ እንደ ልቧ አለቀሰች። ከዚያ ካርታዎቹ መትረፋቸውን አግዳሚው ላይ ላሉት ባለጉዳዮች በመስኮት ነገረቻቸው።

የሓጂ ዘኑን ካርታ አንድ ጥጉ ግራጫ ሆኖ ወጣ። ወሰኑ፣ ቁጥሩና የአባታቸው የአውራ ጣት አሻራ ግን ቁልጭ ብሏል። አትማ ስትወጣ ሙንዚር ደብዳቤውን ይዞ ቆሟል። ተቀበለችውና አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«እንደፈረምኩ ይቁጠሩት። ካርታዎቹ ግን ሁሉም አሉ፣ አግዳሚው ላይ ላሉት ሰዎችም ነግሬያቸዋለሁ። አሁን ይደምስሱ እስቲ።»

ሙንዚር ወደ በሩ ዞረ። አንዱ ዘመዱን፣ አንዱ ጎረቤቱን ጠርቶ ደጁ ላይ ወረፋው እስከ መንገዱ ደርሷል። መንገዱን ለቀቀላት።

ከሓጂ ዘኑን ጋር ወንዙ ዳር ሲደርሱ፣ ይዘውት የሄዱት ፖሊስ ካርታውን ሁለት ጊዜ አነበበና ሥራ ይቁም አለ። የኮንክሪት መኪናው ሆዱን እያዞረ ቆመ። ጉልበተኛው ከጉድጓዱ ወጥቶ ወረቀቱን አየ፣ ሴትዮዋን አየ።

«ይኼ እኮ ተቃጥሏል፤ የዚህ ሰፈር ካርታ ሁሉ ተቃጥሏል» አለ።

«የተቃጠለው ወረቀቱ ነው» አለች ኢብቲሃል፣ «ባለቤቶቹ አሉ።»

ሾፌሩ መኪናውን አዙሮ ኮንክሪቱን እንደያዘ ወደ መጣበት ተመለሰ።