የልጄን ሄልሜት ለስለት ይዤ ወደ ጣና

ስልኩ ሳይጮኽ የቀረ ዕለት ነው ነገሩ የገባኝ።

በቤታችን ሕግ አለ። መንገድ የወጣ ሰው እንደደረሰ አንድ ጊዜ ደውሎ ይዘጋል። አንዴ ጮኸ ማለት «ደኅና ገባሁ» ማለት ነው፤ ስልኩ አይነሣም። ሕጉን ያወጣው ባለቤቴ ነው፤ ከመራዊ ሽንኩርት ጭኖ አዲስ አበባ የሚመላለስ ሹፌር ነው። ልጃችን ይታይሽ ከእሱ ወሰደችው። ይታይሽ የመኪና ተወዳዳሪ ናት። ውድድሩ አልቆ ከመኪናዋ እንደወረደች አንዴ ታስጮኻለች። እኔም ተመስገን ብዬ ምሳዬን እበላለሁ።

ያን እሑድ ሰባት ሰዓት አለፈ፣ ስምንት አለፈ። ምሳው ቀዘቀዘ። ዘጠኝ ሊሆን ሲል ከማላውቀው ቁጥር ጮኸ። አንዴ ጮኸ፣ ሁለቴ ጮኸ፣ ሦስቴ ጮኸ። ከአንድ በላይ ሲጮኽ አነሣሁት። «መኪናዋ ተገልብጣ ነው፣ ሐኪም ቤት ወስደናታል» አለኝ አንድ ሰው። ከዚያ ወዲያ የነገረኝን አልሰማሁም። እዚያው መሬት ላይ ተቀምጬ ተሳልሁ። በጣና መካከል ሴት የማትገባበት ገዳም አለ። ወደዚያ ዞሬ «ልጄን በሕይወት ብታሳየኝ፣ ዛሬ በራሷ ላይ ያለውን አምጥቼ ከደጅህ አኖራለሁ» አልሁ። በራሷ ላይ ያለው ሄልሜቷ ነው። ያለ ሄልሜት ውድድር እንደማያስገቧቸው ነግራኛለች። አፌ ያንን አለ፤ ልቤ ደግሞ «ከዚያ ወዲያ አትወዳደርም» ብሎ ጨመረበት።

ልጄ ተረፈች። የተሰበረ ትከሻዋ እስኪጠገን ሦስት ወር እኔ ዘንድ ተኛች። እግዜር ይቅር ይበለኝና ከዚያ የተሻለ ሦስት ወር አላየሁም። ጧት ስነሣ አለች፣ ማታ ስተኛ አለች። ከዳነች በኋላ ባሕር ዳር ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ሄልሜቱ ከጎታው ጀርባ ቀረ።

ይህን የምጽፈው ይታይሽ ውድድሯን በምታሳይበት ገጽ ለምትከታተሏት ነው። «እማ፣ ጉዞሽን አንቺው ጻፊው፣ ፊደሉን እኔ አስተካክላለሁ» አለችኝ። እኔ ከአራተኛ ክፍል ነው የወጣሁት። የተሳሳተ ፊደል ካገኛችሁ እሷን ጠይቋት።

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ መራዊ

ሄልሜቱን በነጠላ ጠቅልዬ፣ ማዳበሪያ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። ጉሙ ከመስኖው ማሳ ላይ ገና አልተነሣም። መናኸሪያው ጭቃ ነው። የሚኒባሱ ረዳት «ባሕር ዳር አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ» ይላል፤ ገብቼ ስቀመጥ ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። መንገዱ ዛሬ ክፍት ነው ወይ የማይል ተሳፋሪ የለም። ክፍት ነው ተባለ፣ ሞላን፣ ተነሣን።

አጠገቤ ዶሮ የያዙ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ማዳበሪያዬን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት።

«ዱባ ነው?»

«አዎ አባቴ፣ ዱባ ነው።»

«እንዴት ያለ ደረቅ ዱባ ነው በይ! ዘሩን ከየት አገኘሽው?»

«ልጄ ናት ያመጣችው።»

«ለዘር የሚሆን አስቀሪልኝ» አሉ። ዶሮዋም እንደ እሳቸው አንገቷን አስግጋ ታየዋለች።

ባሕር ዛፍ፣ የድንች ማሳ፣ የድንጋይ ክምር፣ ደግሞ ባሕር ዛፍ። ሾፌሩ ከፊቱ ያገኘውን ሁሉ ካልቀደመ አይሆንለትም። መሸንቲ ላይ አንድ የጭድ መኪና ሊቀድም ሲወጣ የፊተኛውን ወንበር ጨምድጄ ያዝሁት።

«ቀስ በል እንጂ ልጄ።»

በመስታወቱ አየኝ። «እናቴ፣ መኪና አልለመዱም መሰለኝ።»

«ባሌ ሹፌር ነው። ልጄም ሹፌር ናት።»

«እንግዲያማ ለምደውታል።»

«ይኸው ሠላሳ ዓመቴ፣ አልለመድሁትም።»

ተሳፋሪው ሳቀ። ሾፌሩም ሳቀ፣ ግን እስከ ባሕር ዳር ማንንም አልቀደመም።

ሁለት ሰዓት፣ ባሕር ዳር

ይታይሽ መናኸሪያ የመጣችው «ለማጅ» የሚል ሰሌዳ በተለጠፈባት መኪና ነው። ከውድድር ውጭ ሥራዋ መንዳት ማስተማር ነው። መሪውን የያዘችው መነጽር ያደረገች የባንክ ሠራተኛ ናት፤ ሙሉ እንስራ እንደ ተሸከመ ሰው አንገቷን አታንቀሳቅስም።

«እማ፣ ከኋላ ግቢ። ትምህርቷን እስክትጨርስ ፔዳ ሰፈር ደርሰን እንመለሳለን።» ሳመችኝ። ክንዷን ዳበስሁት። ከስታለች።

በዘንባባው ሥር በኤሊ እርምጃ እንሄዳለን። ባጃጁ በግራም በቀኝም ያልፈናል፣ አንዱማ «እማማን መሪ አስይዙና ውረዱ» ብሎን አለፈ። ልጄ አትቆጣም፣ አትጮኽም።

«ጉድጓዱን አትዪ» ትላለች። «ጉድጓዱን ካየሽ እጅሽ ወደ ጉድጓዱ ይወስድሻል። የምትሄጂበትን እዪ።»

ለማጇ ላቧን ጠርጋ «ልጅዎ እንዴት ያለች ታጋሽ ናት መሰለዎ» አለችኝ። «የቀድሞው አስተማሪ ሁለቴ አስለቅሶኛል።»

ይህችው ታጋሽ ልጅ ናት፣ አምስት ዓመቷ እያለ ከአባቷ ጋር በሽንኩርት ከረጢት ላይ ተቀምጣ ካልሄድሁ ብላ ትራሴን በእንባ ያራሰችው። አድጋ ባጃጅ ነዳች። ከባጃጅ ወደ ጋራዥ ገባች፣ ጥቁር ዘይት ለብሳ ትመጣ ነበር። የጋራዡ ሰዎች አንዲት አሮጌ ታክሲ ወንበሯን ነቅለው፣ ውስጧን የብረት ቧንቧ በይደው ለውድድር ሠሯት። የመጀመሪያ ጊዜ ሦስተኛ ወጣች። በሁለተኛው ዋንጫ አመጣች። ዋንጫውን ቴሌቪዥኑ ጎን አድርጌ መርፌና ክር አኖርሁበት። እሷ አይታ ሳቀች እንጂ አልከፋትም።

ለማጇን ከሸኘን በኋላ ማዳበሪያውን አየችው። «ስለቱ ይሄ ነው?»

«ነው።»

«ጃንጥላ ነው?»

«ስንደርስ ታይዋለሽ።»

ክብ የሆነውን ነገር አየችውና መኪናዋን አስነሣች።

ሦስት ሰዓት ተኩል፣ የሐይቁ ዳር

ጣና ሲያዩት ዛሬ ዘይት የፈሰሰበት ይመስላል፣ አይንቀሳቀስም። ታንኳ ላይ የቆመ አንድ ዓሣ አጥማጅ መረቡን ይሰበስባል። ሽታው ልጅነቴን አመጣብኝ። እኔ የጎርጎራ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ለባሌ ስዳር ከጎርጎራ ባሕር ዳር በመርከብ መንገድ ላይ አድረን ነው የመጣሁት። እየሄድን ወደ ኋላ እያየሁ፣ አገሬ እንደ ጥፍር አንሳ አንሳ ጠፋች። ከዚያ ወዲህ ሐይቁን ሳይ ልቤ ወደዚያ ማዶ ነው።

ባለ ጀልባው ሙሉቀን ይባላል፣ አፈኛ ነው። ልጄን አወቃት።

«ታክሲ ገልብጣ የተነሣችዋ አይደለሽም? በስልክ አይቼሻለሁ። እዚህ መገልበጥ የለም እህቴ፣ ክልክል ነው።»

«ቀልድህን ተውና ሞተርህን ይዘህ ተቀመጥ» አለችው። የዋና ጃኬቷን ማሠሪያ ሁለት ጊዜ ቋጠረችው። ከዚያ ሄዳ ከመካከል ተቀመጠች፣ ከጠርዙ ራቀች።

ውኃ ትፈራለች። ሃያ ሰባት ዓመት ወልጄ አሳድጌ ይህን አላውቅም ነበር።

አራት ሰዓት ተኩል፣ ከገዳሙ ወደብ

ከጀልባው ወርደን ዛፉ ሥር ካለችው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቆምን። ሴት ከዚያች ድንጋይ ወዲያ አታልፍም። ከላይ በዛፉ መካከል የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ብቻ ይታያል። ሙሉቀን ወጥቶ ጠራልንና አንድ ወይባ የለበሱ መነኩሴ መቋሚያቸውን ይዘው ወረዱ።

ተሳልሜ ማዳበሪያውን ከፈትሁ። ነጠላውን ፈታሁት። ይታይሽን ቀና ብዬ ላያት አልቻልሁም።

አባ ሄልሜቱን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ገለበጡት፣ ውስጡን አዩ። «ልጄ፣ የጧፍና የዕጣን አመጣጡን እናውቃለን። ይህ ምንድን ነው?»

«የልጄ ነው አባ። መኪና ስትወዳደር የምታደርገው ነው።»

«እሷ ናት የሰጠችው?»

ይታይሽ ከጎኔ መለሰች። «አባ፣ እሱ ሞቷል። ይኸው እዚህ ጋ ተሰንጥቋል። አንዴ የመታ ሄልሜት ሁለተኛ አይደረግም፣ ቢያደርጉትም አያስገቡም። ለዚያ ነው እናቴ ቤት የተውኩት።»

አምስት ወር ከጎታው ጀርባ የጠበቅሁት፣ እሱን ከሰጠሁ አትሄድም ያልሁት፣ ባዶ ቅል ኖሯል።

አባ ስንጥቁን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። «ራሷ ላይ ሊሆን የነበረውን ነው የተቀበለው» አሉ። ወደ እኔ ዞሩ። «ስትሳዪ ምን ብለሽ ነበር? ቃሉን እንዳለ ንገሪኝ።»

ነገርኋቸው።

«እንግዲያስ ደርሷል። ልጅሽን አሳየሽ፣ ያልሽውን አመጣሽ። የጨመርሽው አለ?»

«በልቤ የጨመርሁት አለ አባ።»

«በልብሽ የጨመርሽው የእኛ አይደለም። እሱን እሷን ጠይቂያት።» ሄልሜቱን በብብታቸው ይዘው ሽቅብ ወጡ። ከዕቃ ቤቱ ያኖሩታል፤ እኔ የማልገባበት ቤት ገባ።

ስድስት ሰዓት፣ ውኃ ላይ

ነፋሱ ያለ ሰዓቱ ተነሣ። ጧት ዘይት የመሰለው ሐይቅ አሁን ጥቁር ነው፣ ጀልባዋን ያነሣታል፣ ይጥላታል። ሙሉቀን ቀልዱን አቆመ። አባቴም ውኃው ሲከፋ ዝም ይል ነበር፤ ባለ ጀልባ ዝም ሲል አውቃለሁ።

ይታይሽ ከወንበሩ ወርዳ ከእግሬ ሥር ተቀመጠች። ፊቷን ጉልበቴ ላይ ደፋች። «እማ፣ እማ፣ እማ» ትላለች፣ ሌላ ቃል የላትም። ውኃው በጠርዙ ዘሎ አራሰን። ከዚያ ቀና አለች።

«እማ፣ ከዚህ ደኅና ካወጣኝ መኪና ውድድር ሁለተኛ...»

አፏን በመዳፌ ከደንሁት።

አንድ ቃል ብቻ ነበር የቀራት። አምስት ወር የናፈቅሁት ቃል ከመዳፌ ሥር ነው፣ ትንፋሿ ይሞቀኛል። እጄን ባነሣ ትጨርሰው ነበር።

«አትሳዪ» አልኋት። «በፍርሃት አትሳዪ። እኔ ተስዬ አይቼዋለሁ። ውኃውን አትዪ፣ የምትሄጂበትን እዪ። ያውልሽ ዘንባባው።»

አገጯን ይዤ ወደ ባሕር ዳር አዞርሁት። ዓይኗን ከዘንባባው ሳትነቅል፣ ጣቷን ከቀሚሴ ሳትለቅ ሄድን። ወደቡ ስንደርስ ሙሉቀን ገመዱን ወርውሮ መጀመሪያ የተነፈሰው እሱ ነው።

«በስልክ እንደዚህ አልነበርሽም» አላት።

«ነገ ለማጅ ሆነህ ትመጣለህ፣ እንገናኛለን» አለችው። ጣቷ ግን ገና ከቀሚሴ አልለቀቀም።

ስምንት ሰዓት፣ ዓሣ ቤት

የተጠበሰ ቆሮሶ አዘዝን። ልብሳችን ላያችን ላይ ይደርቃል። እንደ ልጅነቷ እሾሁን እየለቀምሁ ሥጋውን ወደ እሷ አስጠጋላታለሁ፤ እሷም ትበላለች።

«ለምን አፌን ያዝሽኝ? ደስ አይልሽም ነበር?»

«ደስ ይለኝ ነበር። አንቺ ግን ነገ ቃልሽን ብታዪው የእኔ ቀንበር ነው የምትዪው። አሁን መሬት ላይ ነሽ፣ አሁን ልጠይቅሽ። ትተይልኛለሽ?»

እጇን ታጠበች።

«አልዋሽሽም እማ። በሚመጣው ወር እወዳደራለሁ፣ አዲስ ሄልሜትም ገዝቻለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ፍሬን ያዙ፣ ቀስ በሉ ስል እውላለሁ። ፍሬኑን የምለቅበት አንድ ቀን ይኑረኝ።» ቀና አለች። «አባቴን ተው ብለሽው ታውቂያለሽ?»

«እሱማ እንጀራችን ነው።»

«እንጀራ ባይሆንስ ይተው ነበር?»

ባሌን አሰብሁት። ቤት ሲውል በሦስተኛው ቀን የመኪናውን ጎማ እየዞረ በእግሩ የሚመታውን። «አይተውም» አልኋት።

ከሐይቁ ማዶ ጎርጎራ ያለበትን ሰማይ አየሁ። «ናፍቀሽኛል» አልሁ።

«ይኸው አብረን ነን እኮ።»

«አብረንም ሆነን።»

እጄን ያዘችኝ። የእሷ መዳፍ እንደ አባቷ ሸካራ ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ መራዊ

መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ፣ ሾፌሩን «እናቴ ናት፣ ቀስ በል» አለችው። አሥር ሰዓት ላይ ተነሣን። መንገድ ላይ ፍተሻ ነበር፣ ወርደን ተሰለፍን፣ ቆየን። ማዳበሪያው ባዶ ነው፤ አጥፌ ብብቴ ውስጥ አደረግሁት።

መራዊ ስወርድ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው። ስልኬን አወጣሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስጠብቅ የኖርሁ እንጂ ደርሻለሁ ብዬ ያስጮኽሁ እኔ አይደለሁም፤ ቁልፉን መፈለግ ነበረብኝ። አንዴ አስጮኼ ልዘጋ ስል ተነሣ።

«እማ?»

«ምነው አነሣሽው? ሕጉ አይነሣም አይደለም?»

«ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ስልኩን ይዤ ተቀምጬ ነው። አልደረስሽም። መንገዱ ተዘጋ አሉ፣ ምን ያላሰብኩት አለ።» ድምፅዋ ጠፋ፣ ተመለሰ። «እማ፣ እንደዚህ ነው እንዴ?»

«እንደዚህ ነው ልጄ» አልኋት።

ከኋላዋ የባጃጅ ጡሩምባ ይሰማኛል።

«በይ አሁን እራትሽን ብዪ» አልኋት። «እኔ ገብቻለሁ። ደኅና ነኝ።»