ወደ ሰማይ ያልተኮስኳት ጥይት

ነገሩ የሆነው ከሁለት ዓመት በፊት በጥቅምት ወር፣ አርብ ቀን፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። ልረሳው ያልቻልኩት ስለፈራሁ አይደለም። እኔ ቶሎ የምፈራ ሰው አይደለሁም፤ የሚያውቁኝ ይመስክሩ። ያልረሳሁት አንድ ምንም ያላደረገ ሰው በእኔ እጅ ሊጠፋ ሲል ለጥቂት ስለተረፈ ነው።

የምኖረው ጎባ ከተማ ዳር ነው። ከእኔ አጥር በላይ የገብስ ማሳ ነው፣ ከማሳው በላይ ጫካ። ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ልጆቼ ራቅ ብለው ነው የሚሠሩት። ባለቤቴ ሲያርፍ የተወልኝ ቤቱን፣ ጓሮውንና ፈቃድ ያለውን ምንሽር ጠመንጃ ነው። ፈቃዱን በስሜ ላዞር ስሄድ ጸሐፊው፣ “እማማ፣ ሊተኩሱበት ነው ወይስ ግድግዳ ላይ ሊሰቅሉት?” ብሎ ሳቀ። “እስቲ ውጣና እዚያ ባሕር ዛፍ ሥር ቁምልኝ፣ አሳይሃለሁ” አልኩት። ከዚያ በኋላ ወረቀቱን ለመጨረስ ብዙም ጊዜ አልወሰደበትም።

አተኳኮስ ያስተማረኝ አባቴ ነው። “መሣሪያ የያዘ ሰው ዓይኑን ከፊቱ አያነሣም” ይል ነበር። ይህችን ምክር እዚህ የጠቀስኳት በምክንያት ነው፤ ጉድ ልትሠራኝ ነበር።

ታናሽ ወንድሜ ታደሰ ሮቤ ውስጥ ስንዴ ይነግዳል። በመጣ ቁጥር ወሬው አንድ ነው። “ቤቱን ሽጪና ሮቤ ነይ። ሴት ብቻዋን ከተማ ዳር ግቢ ጠብቃ አትኖርም። ይሄ ጠመንጃም አንድ ቀን ጣጣ ያመጣብሻል።” እኔም መልሴ አንድ ነበር፤ “ሻይህን ጠጣ።” ቤቱን ብሸጥ ባለቤቴን ሁለተኛ የምቀብረው ነው የሚመስለኝ። አልሸጥም ካልኩ አልሸጥም።

በዚያ ሰሞን ግን ሰፈራችን የቀን ሌባ ገብቶበት ነበር። ዘዴውን ሁላችንም አውቀነዋል። መጀመሪያ ጓል ወይም ድንጋይ ቆርቆሮ ላይ ይወረውራል። ሰው ካልወጣ፣ ውሻም ካልጮኸ፣ አጥር ዘሎ ይገባል። የቀብር ቀን ጠብቆ የጎረቤቴን የውሃ ፓምፕ ነቅሎ ሄደ። ከላይኛው ቤት ብርድ ልብስ ከነትራሱ ወሰደ። ከሩቅ ያየችው ሴት ፊቱን ጠቅልሎ ነበር አለች። እኔ ይህን ስሰማ ጠመንጃውን ወለወልኩ። “ና ብቻ” አልኩ በሆዴ።

በዚያ አርብ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ለገበያ የማወጣውን ነጭ ሽንኩርት አፈሩን እያራገፍኩ ነበር። ከላይ በኩል ጉምም የሚል ድምፅ ይሰማኛል። የወፍጮ ቤቱ ሞተር ነው ብዬ ልብ አላልኩትም። ወዲያው ውሻዬ ቦቢ ጅራቱን እግሩ መሀል ወሽቆ እየሮጠ መጣና አልጋ ሥር ገባ። ቦቢ ጅብ ሲመጣ እንኳ ቆሞ የሚጮህ ውሻ ነው። አንድ ነገር አስፈራርቶታል ወይም መርዝ አብልተውታል ብዬ ተነሣሁ።

በዚህ መሀል ቆርቆሮዬ ላይ አፈር ተበተነ። ትንሽ ቆየና እንደገና። ሦስተኛው በጣሪያው ላይ አልፎ ደጄ ላይ ወደቀ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ገባሁና ጠመንጃዬን አወጣሁ። ጥይት አጎረስኩ። ድምፄን አጥፍቼ በጓሮ በኩል ዞርኩና ከአጥሩ ፊት ለፊት ያለው ትልቁ ኮሶ ዛፍ ሥር ቆምኩ። ግንዱ ከለላ ይሆነኛል ብዬ ነው።

ብዙ አልጠበቅኩም። መጀመሪያ ጆንያ በአጥሩ ላይ ተወርውሮ ገባ። ቀጥሎ ገመድ። ቀጥሎ ሰውዬው ራሱ ዘሎ ገባ። ራሱንና ፊቱን በፎጣ ጠቅልሎ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ወገቡ ላይ ቢላዋ አለ። እጁ ሙሉ አፈር ጨብጧል።

“ቁም! እንዳትነቃነቅ!” አልኩት። አፈሙዙን ደረቱ ላይ አደረግኩ።

ቆመ። ግን የሚገርመው፣ ወደ እኔ አልተመለከተም። ጠመንጃውንም አላየውም። ዓይኑን ከእኔ በላይ አሻግሮ ተከለ። ከዚያ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ዝም በይ አለኝ።

እኔን? በገዛ ግቢዬ?

“ማን ነህ? ተናገር!” አልኩት። አሁንም ጣቱ ከንፈሩ ላይ ነው። በሌላው እጁ ከኋላዬ ወደ ላይ እየጠቆመ ራሱን ይነቀንቃል። ገባኝ። ጓደኛው ከኋላዬ አጥር ላይ ወጥቷል፣ ይኼኛው ደግሞ ምልክት እየሰጠው ነው። ሁለት ሆነው ሊይዙኝ ነው። ዞር ብዬ እንዳላይ የአባቴ ምክር ያዘኝ። ዓይኔን ከፊቴ አላነሣሁም።

አንድ ጥይት ወደ ሰማይ ልተኩስ ወሰንኩ። ጎረቤት ይሰማል፣ ከኋላ ያለውም ይደነግጣል። ከዚያ በኋላ አንድ እርምጃ ወደ እኔ ከመጣ፣ ሁለተኛዋ ለእሱ ናት። እውነቱን ልናገር ብዬ ነው የጻፍኩት፤ ቆርጬ ነበር።

አፈሙዙን ወደ ላይ አነሣሁ።

ሰውዬው ያን ጊዜ በጉልበቱ ተንበረከከ። ሁለት እጁን ዘርግቶ በኦሮምኛ ጮኸ። “ከኒሳ! አዴ፣ ከኒሳ! ከላይሽ ንብ ነው! እንዳትተኩሺ!”

እጄ ላይ አንድ ነገር አረፈ። ንብ ናት። አንዷ ደግሞ በርሜሉ ላይ ትሄዳለች። ያን ጊዜ ነው ዓይኔን ያነሣሁት። የወፍጮ ሞተር ያልኩት ድምፅ ከራሴ በላይ ነበር። የጠቦት ያህል ትልቅ የንብ መንጋ ከኮሶው ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ያ ሁሉ ይርመሰመሳል። ከአፈሙዙ አንድ ክንድ አይርቅም።

አልፈራም ብያለሁ አይደል? ያን ጊዜ ፈራሁ።

“ኦብሲ” አለኝ ቀስ ብሎ። ታገሺ ማለቱ ነው፤ “አዴ” ያለኝም እናቴ ማለቱ ነበር። “አትሩጪ። እጅሽንም አታራግፊ። መሣሪያውን ቀስ አድርገሽ አውርጂ። ወደ እኔ ነይ፣ ቀስ ብለሽ።” ከደቂቃ በፊት ልገድለው የነበረው ሰው እየመራኝ፣ እኔም እንደ ሕፃን እየታዘዝኩ፣ ከዛፉ ሥር ወጣሁ። አንዲት ንብ ብቻ ጆሮዬን ነደፈችኝ። የሚገባኝ ነው።

ከዛፉ ስንርቅ ፎጣውን ፈታ። ጢሙ የሸበተ፣ ከእኔ የሚበልጥ ትልቅ ሰው ነው። “አንተ” ስለው የነበረው አፌ ወዲያው ተመለሰ። “ይቀመጡ” አልኳቸው። “ውሃ ላምጣልዎ።” ጥይቱንም ፊታቸው አወጣሁና ኪሴ ከተትኩት።

ስማቸው ከድር ይባላል፤ ኦቦ ከድር እላቸዋለሁ፣ አቶ እንደማለት ነው። ከጫካው ሥር ካለው መንደር ናቸው። ጠዋት ንባቸው ከቀፎው ወጥቶ ተነሣ። እሳቸውም ዓይናቸውን ሰማይ ላይ ተክለው ማሳ ለማሳ ሲሮጡ እኔ ግቢ ደረሱ። አፈር የሚበትኑት ለቆርቆሮዬ አይደለም። የሚበር ንብ አፈር ሲነካው ዝናብ መስሎት ያርፋል። ፎጣውን የጠቀለሉት እንዳይነደፉ ነው። ጆንያው ንቡን መያዣ ነው፣ ቢላዋው ቅርንጫፍ መቁረጫ። ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ ያደረጉት ስጮህ ያረፈው ንብ እንዳይነሣባቸው ነው።

“በሩን ቢያንኳኩ ምን ነበረ?” አልኳቸው፤ ንዴቱ ገና አልወጣልኝም።

“አዴ፣ ደንቡን ታውቂ የለ” አሉኝ።

አውቃለሁ። እዚህ ተወልጄ እንዴት አላውቅም! በእኛ አገር የተነሣ ንብ፣ ባለቤቱ ዓይኑን ሳይነቅል እስከተከተለው ድረስ የእሱ ነው። ለአፍታ ከዓይኑ ከጠፋ ግን ያረፈበት ዛፍ ባለቤት ይወስደዋል። የግቢዬ በር በሌላው መንገድ በኩል ነው። ዞረው ሊያንኳኩ ቢሄዱ ንቡ የእኔ ነበር። ለዚህ ነው ጠመንጃውን እንኳ ያላዩት። ያን ሁሉ እያወቅኩ፣ የመጣው ሌባ ነው ብዬ ከመወሰኔ የተነሣ አንዱም ትዝ አላለኝም። ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ ይባላል፤ እኔ ጎፈሬውን አበጥሬ ጨርሼ ነበር።

ንቡን ለመውሰድ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ መጠበቅ ነበረባቸው፤ ሙቀቱ ሲበርድና የወጡት ሲሰበሰቡ ነው የሚያዘው። ውሃ ጠጡ። የተቀቀለ ድንችና ባቄላ አቀረብኩ፤ አርብ ስለሆነ ለእኔ ጾም ነበር። ትንሽ ቆዩና ዓይናቸውን ከዛፉ ሳያነሡ ሰዓቱን ጠየቁኝ። ጁምዓ እንዳለፋቸው ነገሩኝ። እዚሁ ልስገድ አሉ። ውሃ በጣሳ ሰጠኋቸው፣ ታጠቡ፣ ጆንያቸውን አነጠፉ። ከዚያ የተናገሩኝ ነው እስከ ዛሬ የሚገርመኝ።

“እኔ ስሰግድ ዓይኔ ከንቤ ይነሣል” አሉ። “አንቺ ተመልከቺልኝ። ያንቺ ዓይን የእኔ ይሁን።”

አስቡት። የዛፉ ባለቤት እኔ ነኝ። ንቡ ከዓይናቸው ቢጠፋ የሚደርሰው ለእኔ ነው። ሌላ ምስክር የለም። ከአንድ ሰዓት በፊት ደረታቸው ላይ ጠመንጃ የደገንኩትም እኔ ነኝ። እሳቸው ግን ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ግንባራቸውን መሬት አስነኩ።

እኔም ቆምኩ። ባዶውን ጠመንጃ ትከሻዬ ላይ አንግቼ፣ ጆሮዬ አብጦ፣ ሰግደው እስኪጨርሱ ዓይኔን ከዚያ ቅርንጫፍ አላነሣሁም። ዝንብ እንኳ ዓይኔ ላይ ቢያርፍ የማባርር አይመስለኝም። በሕይወቴ ብዙ ዕቃ ጠብቄያለሁ፣ ሠላሳ ዓመት የመንግሥት ፋይል ጠብቄያለሁ። እንደዚያን ቀን ተጠንቅቄ የጠበቅኩት ነገር የለም። ዕንባዬም መጣ፣ አልጠረግኩትም።

ሲጨርሱ “አለ?” አሉኝ።

“አለ። አንዷም አልሄደችም” አልኳቸው፤ እንደቆጠርኩ ሁሉ። ሁለታችንም ሳቅን።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቅርንጫፉን በገመድ ወጥረው፣ አውራዋን ንብ ፈልገው፣ ጆንያው ውስጥ አስገቧት። ሌላው ተከትሎ ገባ። አፉን አስረው፣ ጆንያውን እንደ ሕፃን አቅፈው፣ በዚህ ጊዜ በበሩ ወጡ።

ይህን ለታደሰ አልነገርኩትም። ነገ በሮቤ ሱቅ ሁሉ ይወራል፣ ቤቱንም በማግስቱ ያሸጠኛል ብዬ ነው። አሁን ግን ሲያነበው ይስማ። ወንድሜ፣ ጠመንጃው ጣጣ ያመጣብሻል ያልከው እውነት ነበር፤ ሊያመጣ ነበር። ቤቱን ግን አልሸጥም። ጠመንጃውንም አልሸጥም። ሌባው ኋላ ተይዟል፣ ደግሞ ሌላ አይመጣም አልልም። ከመጣ አልተኛለትም።

የተማርኩት ሌላ ነው። በዚያን ቀን ዓይኔ በአንድም ነገር አልተሳሳተም። ፊቱ ተሸፍኗል፤ ልክ ነው። አፈር ወርውሯል፤ ልክ ነው። አጥር ዘሏል፣ ሲጠየቅ አልመለሰም፤ ልክ ነው። ሁሉም ልክ ሆኖ ሰውዬው ሌባ አልነበረም። እኔ አራት ማስረጃ ይዤ ልገድላቸው ተነሣሁ፤ እሳቸው ምንም ማስረጃ ሳይኖራቸው አመኑኝ። ይህን ሳስበው አሁንም አፍራለሁ። ማፈሬ ግን ይጠቅመኛል።

ባለፈው ዓመት ኦቦ ከድር ከዚያው ንብ የተቆረጠ ማር በቅል ይዘው መጡ። “የዛፍሽ ድርሻ ነው” አሉኝ። ኮሶው ላይም አንድ ቀፎ ሰቀሉልኝ። ዘንድሮ ንብ ገብቶበታል፤ ቦቢም አሁን በዚያ በኩል አያልፍም።

በመጡ ቁጥር ዞረው በበሩ ነው የሚመጡት። በሩን በዱላ ደጋግመው ይመቱና ሰፈሩ እስኪሰማ ይጮኻሉ፤ “አዴ! ከድር ነኝ! እንዳትተኩሺ!” ጎረቤቶቼ ቀልዱን ለምደውት ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ። በሩን ስከፍት ግን ሳላስበው ዓይኔ መጀመሪያ ደረታቸው ላይ ያርፋል፣ ያን ቀን አፈሙዙን ያደረግኩበት ቦታ ላይ፤ ተመስገን ብዬ ነው “ይግቡ” የምላቸው።