ከቆርቆሮው ቤት እስከ ጎጆዋ

ከድሬዳዋ የወጣሁበትን ዋዜማ ምሽት ሳስብ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ እናቴ ማይክራፎኔን በሽርጥ ስትጠቀልል ነው። ማይክራፎኑን አንድም ቀን ወዳው አታውቅም፤ «ልጄን ከሰው የለየው ይሄ ብረት ነው» እያለች ስትረግመው የኖረች ሴትዮ ናት። ያን ምሽት ግን ሽርጡን ሦስት ዙር አዙራ፣ ጫፉን ቋጥራ፣ ለስንቅ ከገዛችልኝ ጣፋጭ፣ ከሙሸበኩ ካርቶን ጎን አስቀመጠችው። ከዚያ ቀና ሳትል፣ «ሰው ሚስት ያመጣል እንጂ ሚስቱን ተከትሎ ይሄዳል እንዴ?» አለችኝ።

አቦ፣ እኔ ግን ተከትዬ ልሄድ ነው። ምስራቅ፣ ባለቤቴ፣ ካፋ ቦንጋ ላይ የዩኒቨርሲቲ መምህርነት አግኝታ ከመስከረም ጀምሮ እዚያ ናት። እኔ እዚሁ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር አንድ ስቱዲዮ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት የሰው ድምፅ ስቀርፅ ኖሬያለሁ፤ ሌላ ሥራ አላውቅም። አለቃዬ ጋሽ ሰለሞን ደግ ሰው ነው፤ «ወንበርህን እስከ ግንቦት መጨረሻ ማንም አይነካውም፣ ከዚያ በኋላ ግን ሰው አስገባለሁ» አለኝ። ከምስራቅ ጋርም በዚያው ተስማማን። እስከ ግንቦት መጨረሻ ቦንጋ ውስጥ ሰው የሚሰማው አንድ ሥራ ከሠራሁ እቀራለሁ። ካልሆነ እኔ ወደ ወንበሬ፣ እሷ እዚያው፣ ትዳራችን በስልክ። እንደ ቀልድ አወራነው እንጂ ሁለታችንም አልሳቅንም።

መንገዱን አላበዛባችሁም፤ አዲስ አበባ አደርኩ፣ ጅማ አደርኩ። ከጅማ ወዲህ አንድ ኬላ ላይ ፈታሹ ሽርጡን ፈታና ማይክራፎኑን በሁለት ጣቱ አንጠለጠለው።

«ይሄ ምንድነው?»

«ድምፅ መቅረጫ።»

«የማንን ድምፅ ነው የምትቀርፀው?»

«ገና አላገኘሁትም።»

ትኩር ብሎ አየኝ። «ሳታገኘው ነው እንዲህ የጠቀለልከው?» አለና ራሱ መልሶ ጠቀለለልኝ። ሰውየው ቀልደኛ ይሁን ቁምነገረኛ እስካሁን አላውቅም።

ቦንጋ በጥር ደረስኩ። እናንተ ድሬ ያላችሁ፣ አረንጓዴ አይተናል አትበሉ። እዚህ አጥሩም አረንጓዴ ነው፣ ድንጋዩም አረንጓዴ ነው። እኛ ጋ ልብስ አስጥተህ ሳትጨርስ የመጀመሪያው ይደርቅልሃል፤ እዚህ አንድ ሸሚዝ አራት ቀን ጠበቅኩ። ሙሸበኩ በሦስተኛው ቀን ረጥቦ እንደ ቆዳ ሆነ፣ ያም ሆኖ አልጣልኩትም፣ እያላመጥኩ በላሁት። ቆጮ ግን ቶሎ ለመድኩ፤ ከጎመንና ከአይብ ጋር ሲቀርብልኝ እናቴን የከዳሁ እየመሰለኝ ሁለቴ እጨምራለሁ።

ያልለመድኩት የሰዉን አነጋገር ነው። ድሬ ላይ ሰው ከመንገድ ማዶ ሆኖ «አንተ ከሲታ፣ በልተሃል?» ብሎ ይጮህብሃል፤ ያ ሰላምታ ነው። እዚህ ሰው ቁምነገሩን አንዴ ይነግርሃል፣ ያውም ቀስ ብሎ። ከሰማህ ሰማህ፤ ካልሰማህ አይደግምልህም። ይሄን ለማወቅ አምስት ወር ፈጅቶብኛል፣ ዋጋዬንም አግኝቻለሁ።

የተከራየነው ከእትዬ አስካለ ግቢ ሁለት ክፍል ነው፤ ብሎኬት ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ጣራ፣ ስስ ኮርኒስ። አንዱን ክፍል ስቱዲዮ ላደርገው ስል መጀመሪያ ፈቃድ ልጠይቅ ብዬ አንድ ቢሮ ሄድኩ። ጸሐፊዋ መዝገቧን ገልጣ ብትፈልግ ብትፈልግ የኔ ሥራ የለም።

«ሰው ይጨፍርበታል?» አለችኝ።

«አይ፣ በሩ ተዘግቶ ዝም ይባልበታል።»

«ዝም ለማለት ፈቃድ አያስፈልግም» ብላ መዝገቡን ዘጋችው። «ድምፅ ሲወጣ ተመለስ።»

እኔም ዝምታውን መሥራት ጀመርኩ። ስፖንጅ ፍራሽ ገዝቼ ቆርጬ አራቱንም ግድግዳ አለበስኩ። መስኮቱን በብርድ ልብስ ደፈንኩ፤ በሩ ስር ጨርቅ ወተፍኩ። እትዬ አስካለ መጥተው አዩና፣ «ፍራሹን ግድግዳ ላይ? ቆማችሁ ነው እንዴ የምትተኙት?» አሉኝ። ከዚያ ሲወጡ፣ በሩ ላይ ሆነው፣ ቀስ ብለው፣ «ጓሮ ያለችው ጎጆ እኮ ባዶ ናት፤ ለሥራህ ከሆነችህ» አሉ።

ጎጆዋን አይቻታለሁ። ከበሬ ሃያ እርምጃ ነው፤ ሳር ክዳን፣ የጭቃ ግድግዳ፣ በሯ ዝቅ ያለ፣ ውስጧ በጭስ የጠቆረ። ከከዚራ ስቱዲዮ ወጥቼ ጭስ ቤት ልገባ? በልቤ እየሳቅኩ፣ በአፌ «እግዜር ይስጥልኝ፣ እናያለን» አልኩ። እሳቸውም ሁለተኛ አላነሱትም።

የካቲት መጨረሻ ክፍሌ አለቀ። አጨበጨብኩ፤ ጭብጨባው ሳያስተጋባ እዚያው ሞተ። ምስራቅን ጠርቼ አስጨበጨብኳት። ሱልጣን ለመሆን የቀረኝ ዘውዱ ብቻ ነበር።

ከዚያ መጋቢት ገባ፣ ዝናቡም ገባ። ሄድፎን አድርጌ ተቀምጬ፣ ማንም ሳይዘፍን፣ የድምፁ መለኪያ ቀይ መታ። ጠጠር የጫነ ገልባጭ መኪና ቆርቆሮው ላይ የሚያራግፍ ነው የመሰለኝ። እንግዲህ የድሬ ልጅ መሆን ማለት ይህ ነው! እኛ ጋ ረብሻ የሚመጣው ከጎን ነው፤ ከባጃጅ፣ ከጎረቤት ቴሌቪዥን፣ ከፍየል። ከላይ የሚመጣ ፀሐይ ብቻ ነው፣ ፀሐይ ደግሞ አይጮህም። አራት ግድግዳ ስደፍን ቤቱ ጣራ እንዳለው ረስቻለሁ።

ኮርኒሱን በስፖንጅ ሞላሁት፤ ዝናቡ ከገልባጭ ወደ ጋሪ ዝቅ አለ እንጂ አልጠፋም። በኮምፒውተር ዝናቡን ላጥፋ ስል ድምፁ አብሮ ጠፋ፣ ዘፋኙ ገንዳ ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን መሰለ። ጠዋት ጠዋት ዝናብ ሳይመጣ ልቅረፅ ብል የእትዬ አስካለ አውራ ዶሮ ሰዓቴን አወቀ።

የመጀመሪያው ደንበኛ የመጣልኝ በዚህ መሃል ነው። ጋሽ ወዳጆ የእትዬ አስካለ ታላቅ ወንድም ናቸው፣ እዚያው ካፋ፣ ዋጫ ከተማ የሚኖሩ፤ በአካባቢው ሠርግ ያለ እሳቸው ዘፈን አይደምቅም ይባላል። የመጨረሻ ልጃቸውን በግንቦት መጨረሻው እሑድ ሊድሩ ነው። ለሷ ያወጡት ዘፈን አለ፣ በካፊኖኖ፣ በካፋ ቋንቋ፤ በፍላሽ ተቀርፆ እንዲሰማ ይፈልጋሉ። ለምን በአፍዎ አይዘፍኑትም ብላቸው፣ «የዛን ቀንማ እንባ ይቀድመኛል» አሉኝ።

ፍራሽ ክፍሌ አስገባኋቸው፣ ሄድፎን አደረግኩላቸው፣ በሩን ዘጋሁ። አንድ ስንኝ ዘፈኑና ዝም አሉ። ረሱት ብዬ ጠበቅኩ። እንደገና ጀመሩ፣ እንደገና ያችኑ ስንኝ ብለው ዝም። ግድግዳውን ያያሉ።

«ምነው ጋሽ ወዳጆ?»

«ማን ይቀበለኝ?»

ተቀባዮቹን በኋላ ለብቻ እንደምቀርፅ፣ በኮምፒውተር እንደማገጣጥመው አስረዳኋቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ፣ «ልጄ፣ የሚመልስልህ ሳይኖር እንዴት ብለህ ነው የምትቀጥለው?» አሉኝ። እኔም ከጥር ጀምሮ የምቀጥለው እንደዚያው ነው። ወዲያው ዝናቡ መጥቶ ሁለታችንንም ገላገለን።

ሁለተኛ ጊዜ ሁለት ሴት ተቀባዮች ይዘው መጡ። ክፍሏ አልበቃቻቸውም፣ ዝናቡም አልቀረ። ሦስተኛው ጊዜ ለሠርጉ ስድስት ቀን ሲቀረው ነው። ያን ቀን ከሰዓት ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ገመዱን ሰክቼ ሳልጨርስ ግን ጨለመና አወረደው። ከቆርቆሮው ስር ቆመን ተያየን። ጋሽ ወዳጆ ገመዱን መጠቅለል አገዙኝ። ባይቆጡኝ የባሰ አመመኝ። እትዬ አስካለ ጃንጥላ ይዘው መጥተው ወንድማቸውንና ሁለቱን ሴቶች ወደ ጎጆዋ ወሰዷቸው፣ እሳት አለ፣ ይሙቁ ብለው።

እኔ ስልኬን አወጣሁ። ለጋሽ ሰለሞን ደውዬ «ወንበሬን ጠብቀኝ» ልል ነው፤ እንባዬ መጥቷል፣ ምን ልዋሻችሁ። ግን እንግዶቹን ይቅርታ ሳልጠይቅ ልደውል አፈርኩና በዝናብ ሮጬ ሃያውን እርምጃ ተሻገርኩ። ጎንበስ ብዬ ገባሁ።

ዝናቡ የለም። ዞር ብዬ በሩን አየሁት፤ በበሩ በኩል ውሃው ከነጉልበቱ ይወርዳል። ውስጥ ግን ሳሩ ጠጥቶታል፣ እሳቱ ሲንጫጫ ይሰማል። ጋሽ ወዳጆ እየሞቁ ያንን ዘፈን ለራሳቸው ይሉታል፣ ሴቶቹ ይቀበላሉ፣ እትዬ አስካለም እንጨት እየቆሰቆሱ ይቀበላሉ። ድምፃቸው ከክቡ ግድግዳ ላይ ሳይጮህም ሳይሞትም ልክ ልኩን ይመለሳል። ዘጠኝ ዓመት በጆሮዬ እንጀራ የበላሁ ሰው፣ በጥር የተነገረኝን በግንቦት ሰማሁ።

«እትዬ አስካለ፣ ለምን አልደገሙልኝም?»

«ነግሬህ የለ?» አሉኝ።

ዕቃዬን በላስቲክ ሸፍኜ አመላለስኩ። ኤሌክትሪኩን በማራዘሚያ ገመድ ከቤት ሳብኩ። ሄድፎኑን ሳደርግ ዝዝዝ የሚል ድምፅ፤ የኮምፒውተሩን ብረት በእጄ ስነካ ይጠፋል፣ ስለቅ ይመለሳል። ይሄንንስ አውቀዋለሁ፣ መስመሩ ኧርዝ፣ ወደ መሬት የሚወርድ ሽቦ፣ የለውም። ድሬ ላይ ለኧርዝ የቀበርነው ብረት አሸዋ ውስጥ ስለሆነ በየሳምንቱ ውሃና ጨው እናጠጣው ነበር። እዚህ አንድ ዘንግ ብረት ከጎጆዋ ጠፈጠፍ ስር በመዶሻ መታሁ፤ እንደ ቅቤ ገባ። ሽቦውን አሰርኩና ተመልሼ አዳመጥኩ። ዝዝታው ጠፍቷል። ሦስት ወር የተሳደብኩት ዝናብ መሬቱን አርሶ እኔኑ ጠቀመኝ።

እሳቱ ወደ ፍም ሲወርድ ቀረፅን። ማይክራፎኑን መሃል ላይ አቆምኩት፣ ሄድፎን ለማንም አልሰጠሁም። ጋሽ ወዳጆ ስንኙን አወጡ፣ ሦስቱ ተቀበሉ። ምስራቅ ከዩኒቨርሲቲ መጥታ ረጥባ ገባችና ቃሉን ሳታውቅ ከሴቶቹ ኋላ አብራ ተቀበለች፤ ስትስት በሳቅ ሊያበላሹት ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የዘፈኑት። መልሼ ሳሰማቸው ጋሽ ወዳጆ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። «አሁንስ እንባው አስቀድሞ መጣ» አሉ።

ሠርጉ ላይ ተሰማ። በማግስቱ ከቢታ ገነት አንድ የመዘምራን ቡድን ደወለ፣ ጎጆዋ ስንት ሰው ትይዛለች ብለው።

ግንቦት ሠላሳ እናቴ ደወለች። ቆርቆሮው ቤት ውስጥ ነበርኩ፣ ውጪው ይዘንባል። ድሬ ላይ ሙቀቱ ሰው አላስተኛ ብሎ ሁሉም አልጋውን ግቢ አውጥቷል አለችኝ። ጋሽ ሰለሞን መንገድ ላይ አግኝቷት ስለ ወንበሩ ጠይቋታል። «ምን ልበለው?» አለች። አልመጣም ልል አፌን ስከፍት ቆርቆሮው ባሰበት። «ምንድነው እዚያ ጋ የሚጮኸው? አትሰማኝም እንዴ?» ስትል ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ ወጣሁና ጎጆዋ ገባሁ።

«አቆመ?» አለችኝ።

«አላቆመም እማዬ። ጎጆ ውስጥ ገብቼ ነው።»

ከወዲያ አልጋዋ ሲንቋቋ ተሰማኝ።

«እንግዲያው ቤት አግኝተሃል» አለች። «ለሰለሞን እኔ እነግረዋለሁ።»

«እሺ እማዬ» አልኳት። እሷ ግን አልዘጋችም። ቀስ ብላ፣ እንደ ቦንጋ ሰው፣ «ኤርሚ፣ እስቲ ደግሞ ውጣ» አለችኝ። «ዝናቡን አሰማኝ።»

በሩ ላይ ወጥቼ ስልኩን ከጠፈጠፉ ወዲያ ዘረጋሁላት፤ ክንዴ እስኪዝል እንደያዝኩት ቆየሁ።