ኮርኒስ ኮርኒሱን የሚያየው ሰውዬ

በአንድ ትልቅ ምግብ ቤት፣ ነጭ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ከሚስቱ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጧል። ኮቱ ሰፍቶታል፤ የሸሚዙ ቁልፍ ግን እስከ አንገቱ ተዘግቷል። እኔና ባለቤቴ ከአጠገባቸው ባለው ጠረጴዛ ነን።

ሰውዬው የምግብ ዝርዝሩን አነበበ። መነጽሩን ጠርጎ ደግሞ አነበበና አስተናጋጁን ጠራው።

«ልጄ፣ ይሄ ዋጋ የምግቡ ነው ወይስ የሹካው ኪራይ?»

ባለቤቴ በእግሯ ነካ አደረገችኝ። እኔም እኮ አፍሬ ነው እንጂ ያንኑ ልጠይቅ ነበር።

«የምግቡ ነው አባባ። በምሳ ሰዓት እንቀንሳለን።»

«ሰማሽ?» አላት ሚስቱን፣ ራሱ ያስቀነሰ ይመስል ደረቱን ነፍቶ።

ምግቡ መጣ። እሷ እያጣጣመች ትበላለች፤ እሱ አንድ በጎረሰ ቁጥር ቀና ብሎ ኮርኒሱን ያያል። ሹካውን በያዙት ጣቶቹ ጥፍር ሥር በሳሙና አልለቅ ያለ ጄሶ ይታያል።

«ብላ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል።»

«እስቲ ያቺን ኮርኒሱ ጥግ ያለችውን የጄሶ አበባ እዪያት። የእጄ ሥራ ናት።»

ሚስትየዋ ማንኪያዋን አስቀምጣ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ አየቻት።

«ትንሽ ዘመም ብላለች።»

«አትፍረጂባት» አለ፣ ሳህኑን ወደ ራሱ እየሳበ። «ሽታው ከወጥ ቤት እየመጣ፣ በባዶ ሆዴ ነው የሠራኋት።»