ሾፌራችን ዶክተር የሆነበት ቀን

«ዶክተር፣ እንኳን ደህና መጣህ!» አሉ ዛሬ ጠዋት ሐይቅ ዳር የተቀበሉን የአስጋሪዎቹ ሽማግሌ። የጨበጡት የሾፌራችንን የሰይድን እጅ ነው።

የውሃ ምርመራ ባለሙያዋ እኔ ነኝ። ቦት ጫማ ያጠለቅኩት እኔ፣ የኦክስጅን መለኪያውን የተሸከምኩት እኔ። ሰይድ የያዘው የመኪና ቁልፍ ብቻ ነው።

በጀልባ ገብቼ ለክቼ ተመለስኩ። ሰሞኑን ያሳሰባቸው ዓሣ ወደ ውሃው ላይ የሚወጣው ከታች ኦክስጅን ስላነሰው እንደሆነ ለአስጋሪዎቹ አስረዳኋቸው። በጥሞና ሰሙኝ። ከዚያ ወደ ሰይድ ዞረው «እውነቷን ነው?» አሉት።

እሱስ ምን ቢል ጥሩ ነው? ኮስተር ብሎ «አዎ፣ ልክ ናት» አለ። (ኬሚስትሪ ሁለቴ እንደወደቀ የነገረኝ ራሱ ነው።)

«አባቴ፣ ባለሙያዋ እኮ እኔ ነኝ» አልኳቸው ሽማግሌውን።

«አውቃለሁ ልጄ፣ ጎበዝ ረዳት ነሽ» አሉኝ።

ልንሄድ ስንል፣ መቼም ወሎ ሳይመርቅ አይሸኝምና፣ ዱዓ አደረጉልን። ለሰይድ «አላህ እውቀትህን ይጨምርልህ» አሉት። ወደ እኔ ዞሩና ከልባቸው «አንቺንም አላህ ጥሩ ባል ይስጥሽ» አሉኝ። ሰዉ ሁሉ መዳፉን ዘርግቶ «አሚን!» አለ።

ቤቴ ገብቼም ንዴቴ አልበረደም። የተናደድኩት ግን በእሳቸው ብቻ አይደለም። እኔም መዳፌን ዘርግቼ «አሚን» ብያለሁ። ሽማግሌ ሲመርቅ ዝም አይባል ነገር!

እህቶቼ፣ እናንተስ ውስጣችሁ እያረረ «አሚን» ያላችሁለት ምርቃት የትኛው ነው? ጻፉልኝ፣ ብቻዬን አልረር።