የአቶ ቱፋ ማዞሪያ፦ ከአዲስ አበባ እስከ አርሲ ደጋ

ማክሰኞ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከአዲስ አበባ ተነሣን። ሁለት ሰዎች ነን፤ እኔና ሾፌሩ በቀለ። ከላንድሮቨሩ ኋላ አንዲት ትንሽ ሚዛን፣ አንድ ሣጥን ብሎን፣ ወፍራም ላስቲክ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦና በጥጥ የተጠቀለሉ የመስታወት ቱቦዎች ጭነናል።

የጉዞው ምክንያት አንድ መኪና ነው። መኪና ስል የሚነዳውን ማለቴ አይደለም። ደም የያዘ ቱቦ ሲገባበት በሞተር እያሽከረከረ ውሃውን ከሚዘቅጠው የሚለይ የላቦራቶሪ ዕቃ ነው። ፈረንጆቹ ሴንትሪፊዩጅ ይሉታል፤ እኛ በሥራ ቤታችን ማዞሪያ እንለዋለን። ከሲሬ ወዲያ በደጋው ላይ ባለች፣ ስሟን በማልጠራት ትንሽ ሆስፒታል ውስጥ ይህ ማዞሪያ በሥራ ላይ እንዳለ ቱቦ ሰብሮ፣ ክዳኑን አስፈንጥሮ ላቦራቶሪውን የያዙትን ሰው ዓይን መትቷል። ሰውዬው አቶ ቱፋ ይባላሉ። ከዚያ ወዲህ መኪናውን አልነካም ብለዋል። ጥፋቱ የማን እንደሆነ አይቼ እንድጽፍ፣ በመንገዴም የአሰላውን ማዞሪያ እንድፈትሽ ታዘዝኩ።

እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የማን እንደሆነ ገና ሳልነሣ የማውቀው መስሎኝ ነበር። አዲስ አበባ ባለው ላቦራቶሪያችን ዕቃ የምጠግን፣ ለገጠር ሆስፒታሎችም የምልክ ስለሆንኩ ሥራውን አውቀዋለሁ። የግራ እጄ ሁለት ጣቶች ጫፍ የላቸውም፤ ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ማዞሪያው ቶሎ እንዲቆምልኝ በእጄ ልይዘው ስል የበላኝ ነው። እንዲህ ያለ አደጋ ከሰው ችኮላ እንጂ ከብረት አይመጣም ብዬ ለብዙ ሠራተኛ አስተምሬያለሁ።

እስከ አሰላ

እስከ ናዝሬት አስፋልቱ ደህና ነበር። ሞጆ ላይ ብርቱካን ገዛን፤ ናዝሬት ፍርፍር በላንና ቤንዚን ሞላን። ከናዝሬት ወዲያ ኮረኮንች ነው። አዋሽን በድልድዩ ተሻግረን ወደ ዴራ ስንዘልቅ ሙቀቱ አፍን ያደርቃል፤ ከግራር በቀር ጥላ የለም። ዴራ ስንደርስ የኋላ ጎማችን ተነፈሰ። ጎሚስታው የጎማውን ካላማዳሪ እየለጠፈ የት እንደምንሄድ ጠየቀን።

«ወደ አሰላ፣ ከዚያም ወደ ሲሬ ማዶ» አልኩት።

«ከሲሬ ማዶ ዝናብ ነው። ሰንሰለት ይዛችኋል?»

«አልያዝንም።»

«እንግዲያው ሰው ያዙ» ብሎ ሳቀ። ነገሩ የገባን በኋላ ነው።

ከኢተያ በኋላ አየሩ ተለወጠ። መንገዱ በስንዴና በተልባ ማሳ መካከል ሽቅብ ይወጣል፤ የጭላሎ ተራራ ከፊት ለፊት ደመና ተከናንቦ ቆሟል። አሰላ የገባነው በአሥር ሰዓት ገደማ ሲሆን ወዲያው ካፖርቴን ደረብኩ። አልጋ በአንድ ብር ተከራየን፤ የበግ ቅቅል ከነመረቁ አቀረቡልን፤ ከዚያም በሁለት ብርድ ልብስ ተኛን።

ረቡዕ፣ አሰላ

የአሰላው ማዞሪያ ልብ የሚያደርስ ነበር። ላቦራቶሪውን የያዘችው ከሐረር የተመደበች ወይዘሪት ናት። መኪናው በወፍራም ጠረጴዛ ላይ በአራት ብሎን ታስሯል፤ ሽቦው አልተላጠም፤ ክዳኑ መቀርቀሪያ አለው። ፀጉሯን በሻሽ ጠቅልላለች፤ ነጠላዋ ከበሩ ኋላ ተሰቅሏል።

«ነጠላሽን ሁልጊዜ እዚያ ነው የምትሰቅይው?» አልኳት።

«የሚዞር ነገር አጠገብ የሚንጠለጠል ነገር አላመጣም» አለችኝ። «እናቴ ወፍጮ ቤት ነበራት። የወፍጮ ቀበቶ አንዲትን ሴት በቀሚሷ ሲስብ በዓይኔ አይቻለሁ።»

ከሰዓት በኋላ ጉዳዩን የያዙትን አንድ የአካባቢው ባለሥልጣን አነጋገርኩ። ችኩል ሰው ናቸው።

«ቱፋ ድሮ ቁስል አጣቢ ነበር» አሉኝ። «መኪናውን ቸል ብሎ ሰበረ፣ አሁን ደግሞ አልሠራም አለ። አንተ የባለሙያ ቃልህን ጻፍልኝ፤ በእሱ ቦታ ሌላ ሰው እተካለሁ።»

«መጀመሪያ ልየው» አልኳቸው። ልቤ ግን ከእሳቸው ሐሳብ ብዙ አልራቀም ነበር።

ሐሙስ፣ ከሲሬ ወዲያ

ወደ ዴራ ተመልሰን ወርደን የሲሬን መንገድ ያዝን። ሲሬ ገበያ ነበር፤ ሽንኩርት፣ ጤፍ፣ ፍየል፣ በአህያ የተጫነ ጨው። ምሳ በልተን ሽቅብ ስንጀምር ጎሚስታው ያለው ዝናብ ተቀበለን። መሬቱ ጥቁር ጭቃ ሆነ፤ አንድ ቁልቁለት ላይ ላንድሮቨሩ ተንሸራቶ እስከ ሆዱ ገባ። በቀለ ሞተሩን ቢያስጮኸው ጎማው ይዞራል እንጂ አይነቃነቅም።

ብርድ ልብስ የለበሱ ስድስት ፈረሰኞች ደረሱብን። ወርደው፣ መድረሻችንን ጠይቀው፣ የሆስፒታሉን ስም ስንጠራላቸው ያለ ምንም ክርክር ትከሻቸውን ሰጡን። በሦስተኛው ግፊት ወጣን። አንደኛው ሽማግሌ ከስልቻቸው ጩኮ አወጡልን፤ በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት ነው። ቆመን በላን። እንዲያ ያለ የሚያጠግብ ነገር በጭቃ መሐል እበላለሁ ብዬ አላሰብኩም።

«ቱፋን ልታዩ ነው?» አሉ ሽማግሌው በአማርኛ።

«ያውቋቸዋል?»

«የልጄን በሽታ ያወቀልኝ እሱ ነው። ደሙን አይቶ። ዓይኑን እንድታድኑለት ነው የመጣችሁት?»

«ልናያቸው ነው» አልኩ።

ሆስፒታሏ ከጽድ ዛፎች መካከል ያለች፣ ቆርቆሮ ክዳን፣ አሥራ ሁለት አልጋ ያላት ቤት ናት። የውጭ አገር ሰው የሆኑ አንድ ሐኪምና ሲስተር አስካለ የምትባል ነርስ ይሠሩባታል። የእንግዳ ክፍል ሰጡን፤ ልብሳችንን ምድጃ አጠገብ አድርቀን አደርን።

አርብ ጠዋት፣ ሚዛኑ

አቶ ቱፋ በሃምሳዎቹ ውስጥ ያሉ ቀጭን ሰው ናቸው። የግራ ዓይናቸው አልጠፋም፤ ግን ብርሃኑ ደክሟል። ከዓይናቸው በታች ጠባሳ አለ። እጅ ነስተው ወደ ላቦራቶሪው አስገቡኝ። ማዞሪያው በማዳበሪያ ጆንያ ተሸፍኖ ጥግ ላይ ተቀምጧል።

«ያለ እሱ ደሙን እንዴት ይለያሉ?» አልኳቸው።

«አስቀምጠዋለሁ፤ በራሱ ይዘቅጣል። መቸኮል ዓይን ያስከፍላል፤ መጠበቅ ግን ጊዜ ብቻ ነው የሚያስከፍለው።»

ጆንያውን አነሣሁና ፍተሻውን ጀመርኩ። ጠረጴዛው ልክ ነው። መኪናው ታስሯል። ሞተሩ ደህና ነው። ክዳኑ መቀርቀሪያ የለውም፤ አሮጌ ስለሆነ ሲሠራም አልተበጀለትም። ቀጥዬ አደጋው በደረሰበት ቀን እንዴት እንደሠሩ እንዲያሳዩኝ ጠየቅኋቸው። አንዱን ቱቦ በውሃ ሞሉ፤ ትይዩውን ቱቦ በዚያው ልክ፣ በጠብታ እያስተካከሉ ሞሉ። ዓይናቸውን አጥብበው ሁለቱን ጎን ለጎን አስተያዩ። እኔ ከማስተምራቸው ወጣቶች እንዲህ የሚጠነቀቅ አይቼ አላውቅም።

«ይህን ሁልጊዜ ያደርጋሉ?»

«ሁልጊዜ። ግን ይንቀጠቀጣል። ሁለት ደብዳቤ ጽፌ ነበር፤ ይንቀጠቀጣል ብዬ።»

«ምን ተባሉ?»

ከመሳቢያው አንድ ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ። አንድ መስመር ናት፦ ጠረጴዛውን ያስተካክሉ። ከሥሩ ያለው ፊርማ የእኔ ነው።

ደብዳቤውን አስታወስኩት፤ ከአሥር ደብዳቤ መካከል በአንድ ትንፋሽ የመለስኩት ነው።

ቱቦው የሚገባባቸውን የብረት ቀፎዎች አራቱንም አውጥቼ ሚዛኑን አቆምኩ። ትይዩ የሚቀመጡትን ሁለት ሁለቱን መዘንኩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እኩል ናቸው። ሁለተኛዎቹን ሳስቀምጥ አንደኛው ሰሐን ዝቅ ብሎ ቀረ። ለዓይን አንድ ናቸው፤ ለሚዛን ግን አንድ አይደሉም። ቆሞ ሲታይ ኢምንት የሆነ ልዩነት ሲሽከረከር መዶሻ ይሆናል። የከበደውን ገልብጬ ከታች አየሁ። የእኛ ላቦራቶሪ ምልክት ተጭሮበታል፤ የጫርኩት እኔው ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ቀፎ ጠፋብን ብለው ሲጽፉ፣ ከመደርደሪያ መልኩ የሚመሳሰለውን አንሥቼ ሳልመዝን በፖስታ ልኬላቸዋለሁ።

በቀለ ከበሩ ቆሞ ነበር። «ምን አገኘህ ጋሽ ፍቅሩ?» አለኝ።

በዚያች ቅጽበት ዝም ማለት እችል ነበር። ቀፎውን ኪሴ ከትቼ ሌላ ጥንድ ብተካ የሚያውቅ አልነበረም። አቶ ቱፋ ግን እጃቸውን አጣምረው ፊቴን እያዩ ነው።

«አቶ ቱፋ» አልኩ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው። ይህን የላክሁልዎ እኔ ነኝ፤ አልመዘንኩትም። ይንቀጠቀጣል ሲሉኝም አልሰማሁዎትም።»

ቀፎውን ተቀብለው በመዳፋቸው መዘኑት።

«እኔ እጄ ከብዶ ይሆናል ብዬ ራሴን ስጠራጠር ከረምኩ» አሉ። «ሚስቴም ተው ይህን ሥራ አለችኝ። እኔ አልነበርኩም ማለት ነው?»

«እርስዎ አልነበሩም።»

መልሰው ቀፎውን ሰጡኝና ወደ መስኮቱ ዞሩ። ይቅር ብዬሃለሁ አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም።

አርብ ከሰዓት፣ ደሙ

እኩል ቀፎዎች ገጥሜ፣ ከታቻቸው ላስቲክ አንጥፌ፣ ለክዳኑ ከብሎንና ከቆርቆሮ መቀርቀሪያ ሠርቼ ሳልጨርስ ግቢው በጩኸት ተሞላ። አንዲት ሴት በቃሬዛ አመጡ። ወልዳ ደሟ አልቆም ብሏል። ሲስተር አስካለ እየሮጠች መጣች።

«ዶክተሩ ደም መስጠት አለብን ይላሉ። ወንድሟ ሑሴን ሊሰጣት መጥቷል። ደማቸው መስማማቱን ቶሎ እዩልን።»

ደሙ በራሱ እስኪዘቅጥ ብንጠብቅ ሴትዮዋ አትቆይልንም። አቶ ቱፋ ማዞሪያውን አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። እኔ ልሥራው ብዬ እጄን ስዘረጋ አቆሙኝ።

«ቦታው የእኔ ነው» አሉ።

ከሴትዮዋ የተቀዳውን ደም በአንዱ ቱቦ ጨመሩ። ትይዩውን ቱቦ በውሃ ሞሉ፤ ሁለቱንም ከነቀፏቸው ሚዛኑ ላይ አስቀመጡ፤ ሰሐኖቹ እኩል እስኪሆኑ በጠብታ አስተካከሉ። እንደዚያ ቀን ጠብታ የረዘመችብኝ ጊዜ የለም። ክዳኑን ዘጉ፤ ቀረቀሩ፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብለው ቁልፉን ቀስ በቀስ አዞሩት። ጄኔሬተሩ ከውጭ ያጉረመርማል። ማዞሪያው መጀመሪያ ጉርር አለ፤ ከዚያ ድምፁ ቀጥ ብሎ ጠራ። ጠረጴዛው ላይ ያለው የውሃ ብርጭቆ እንኳ አልተርገበገበም።

«አልተንቀጠቀጠም» አሉ በሹክሹክታ።

ጊዜው ሲሞላ አጠፉት። ድምፁ እየወረደ ሳለ በቀለ ለመርዳት ብሎ መቀርቀሪያውን ሊከፍት እጁን ሰደደ። ክንዱን ያዝኩና የጣቶቹ ጫፍ የጎደለውን ግራ እጄን ከፊቱ ዘረጋሁለት።

«ሴትዮዋ እኮ እየሞተች ነው!» አለኝ።

«እስኪቆም ነው የሚጠበቀው። አሁን ቱቦው ቢሰበር ሌላ ደም ልንቀዳ ነው፤ ያኔ ነው የምትሞተው።»

ማዞሪያው ቆመ። አቶ ቱፋ ቱቦውን አወጡ፤ ከላይ እንደ ገለባ ቢጫ ሆኖ ጠርቷል። ከሑሴን ደም ጋር ቀላቅለው በደህናው ዓይናቸው ማጉያው ላይ ጎነበሱ። ቀና ብለው እኔን ጠሩኝ፤ አየሁ። አልጓጎለም።

«ይስማማል» አሉ ለሲስተር አስካለ። ሮጣ ወጣች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሴትዮዋ ዓይኗን ገልጣ ውሃ ጠየቀች። ባሏ ላቦራቶሪው በር ላይ መጥቶ የአቶ ቱፋን እጅ በሁለት እጁ ይዞ «ረቢ ሲፍ ሃ ኬኑ» አለ፤ እግዜር ይስጥልኝ ማለቱ ነው። እሳቸው በኦሮምኛ ረዘም ያለ ነገር መለሱለት። ሲጨርሱ ሰውየው ወደ እኔ ዞሮ እኔንም አመሰገነ። ምን እንዳሉት አልተረጎሙልኝም።

መልስ

ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ቁልቁል ስንወርድ ፀሐይ ነበር፤ ጭቃውም ደርቋል። በአሰላ በኩል ዞረን ለባለሥልጣኑ ቃሌን በጽሑፍ ሰጠኋቸው። አነበቡት፤ ደግመው አነበቡት።

«ራስህን ነው የከሰስከው» አሉኝ።

«የሆነውን ነው የጻፍኩት። አቶ ቱፋ ከቦታቸው አይነሡም።»

እሑድ ማታ አዲስ አበባ ገባሁ። ሰኞ ለአለቃዬ ያንኑ ወረቀት ሳቀርብ ስሜን በ«አንድ ሠራተኛ» እንድለውጠው መከሩኝ፤ ለእኔ አዝነው ነው። አልለወጥኩትም። ከዚያ ወደ ዕቃ ክፍል ወርጄ በመደርደሪያው ላይ ያሉትን ቀፎዎች ሁሉ መዘንኩ፤ ጥንድ ጥንዱን በሽቦ አሰርኩ። ጥንድ የሌላቸው ሰባት ሆኑ። ለዓይን ፍጹም አንድ ነበሩ። ሰባቱንም በመዶሻ ጨፈለቅኋቸው።

ሠራተኛ ሳስተምር አሁንም ክዳን ዝጉ፣ እስኪቆም ጠብቁ፣ የሚንጠለጠል ነገር አትልበሱ እላለሁ። ከዚህ ጉዞ በኋላ ግን አንድ ነገር ጨምሬያለሁ፤ እሱም ለእነሱ ሳይሆን ለእኛ፣ በከተማ ተቀምጠን ዕቃ ለምንልከው ነው። ከሩቅ አገር አንድ ሰው መኪናው ይንቀጠቀጣል ብሎ ሲጽፍ፣ መኪናው ይንቀጠቀጣል ማለት ነው።